የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

ላንስ ቴምፐርሊ የመኪና መንጃ ፈተና አንድ ጊዜ ወድቆ ሁለተኛ አልሞከረም። ፈታኙ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበርና «ለእንዲህ ያለ ውርጋጥ ዳግመኛ አልፈተንም» ብሎ ማለ። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዱርሃም የከሰል ማዕድን መንደሮች ሞልቷል፤ ሕጉም ይህንን አውቆ ነው መሰል መሹለኪያ ትቶለታል። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ባለሦስት ጎማ መኪና መንዳት ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ የለባትም። ስለዚህ የኋላ ማርሹ መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ ላሜራ በሁለት ብሎን ትታሰራለች። በመንደሩ ባለሦስት ጎማ ያላቸው ዘጠኝ ወንዶች ነበሩ። ስምንቱ ላሜራዋን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ወርውረዋታል። ላንስ አልነቀላትም።

በመሆኑም የመኪናዋ የኋላ ማርሽ ሚስቱ ሄስተር ነበረች። እሁድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባርኔጣዋን እንዳደረገች የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጇ ትገፋለች፤ ላንስ ውስጥ ተቀምጦ መሪ ያዞራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሴቶቹ ጓንቷ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ግን ፊት ለፊት ያነሳባት የለም።

በረዶው ከገና ማግስት ጥሎ እስከ መጋቢት ባልለቀቀን በዚያ ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት የሄስተር ወንድም ሮውሊ ከብላክሎ ወርዶ በሩን አንኳኳ። እናታቸው የምትኖረው እዚያ፣ ከተራራው ማዶ፣ እሱ ቤት ነው።

«እማማ ሌሊቱን ስምሽን ስትጠራ ነው ያደረችው» አለ ኮፍያውን ሳያወልቅ። «ሐኪሙ ዛሬን አትውልም ብሏል። ተነሱ፣ ሁለታችሁም ግቡ፤ መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ።»

ላንስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ «መኪና አለን» አለ።

«አየኋት። ባለሦስት እግር በርጩማህ በረዶ ለብሳ ቆማለች።»

«ከኋላህ እንከተልሃለን።»

«ስማኝ ላንስ፣ ዛሬ ልቀልድብህ አልመጣሁም። ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ አውቶቡሶቹ ያበጁት ሁለት ቦይ ብቻ ነው። እኔ ሁለቱን ይዤ እወጣለሁ። የአንተ አንዲቷ የፊት ጎማ የት ልትሄድ ነው? መሃሉ ላይ ያለው ክምር ጉልበት ይደርሳል።»

«አንድ ጆንያ ከሰል ከኋላ እጭንባታለሁ፤ ትረጋለች።»

«ከኋላ ስትጭን ከፊት ትቀላለች እኮ፣ ሰውዬ።»

«አንተ መኪና ምን እንደሆነ ሳታውቅ እኔ እነዳ ነበር» አለ ላንስ፤ አካፋውን አንስቶ ወጣ።

ሄስተር ካፖርቷን ቆልፋ በሁለቱ መሃል ቆማለች። ሮውሊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ነይ፣ እሱ እንደፈለገ ይምጣ» አላት። ፈለገች። እግሯ ሁሉ ወደ ወንድሟ መኪና አለ። ግን በመስኮቱ ላንስን አየችው፤ ጎንበስ ብሎ ከሦስቱ ጎማዎች ሥር በረዶ ይዝቃል። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤታቸው የፕራውድ ሚስት መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ቆማለች። ባሏ መኪናውን እያዘጋጀ ሚስቲቱ በሌላ መኪና ስትሄድ የታየችበት ቤት፣ በዚህ መንደር እስከ ፋሲካ ወሬው አይበርድም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ፊት አሳፍራው አታውቅም።

«ከኋላችሁ እንደርሳለን» አለች። ሮውሊ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ስቦ ሄደ።

አራት ሰዓት ላይ ተነሡ። እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ መኪናዋ አላስቸገረችም፤ ላንስም አገጩን ቀና አድርጎ «ይኸው» አለ። ከዚያ ቦዮቹ ጀመሩ። የግራው የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲገባ የቀኙ ይወጣል፤ የቀኙ ሲገባ የግራው ይወጣል። የፊቷ አንዲት ጎማ ደግሞ በመሃሉ ክምር ላይ ትዋኛለች። መሪው ወደ ቀኝ ዞረ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ወደ ግራ ዞረ፣ አሁንም ቀጥ ብላ ሄደች። ከሰሉ ከኋላ ተጭኗልና ፊቷ መሬት የመንካት ሐሳብ አልነበራትም። ከበጎች በረት አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ክምሩ ገፋት፣ ተንሸራተተች፣ በአፍንጫዋም መንገዱ ዳር ከተቆለለው በረዶ ውስጥ እስከ ኮፈኗ ግማሽ ተሰካች።

ወደ ኋላ አንድ ክንድ ብትሄድ መንገድ ላይ ናት። አንድ ክንድ ብቻ።

ሄስተር ወርዳ ልትገፋ አሰበች፤ ግን የምትቆምበት የለም፣ ፊት ለፊቱ የበረዶ ግድግዳ ነው። ከኋላ ሆነው ጎተቱ። መኪናዋ አልነቃነቅም አለች፣ የሄስተር ጓንት ግን ተቀደደ። በአካፋው ቢዝቁ ከላይ ያለው ይናዳል።

«ላሜራዋን ፍታት» አለች።

«አልፈታትም።»

«ላንስ፣ እናቴ ናት።»

«እርዳታ አመጣለሁ። ከበረቱ በላይ ቤት አለ።» ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን በእጁ ጠቅጥቆላት ሄደ። እሱ እንዲህ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሷም መላውን ታውቀው ነበር።

ካቻቪቴው ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብሎኖቹ አሥራ አንድ ዓመት ያልተነኩ ናቸውና እምቢ ይሉኛል ብላ ነበር። እምቢ አላሉም። ላንስ ዝገት አይወድምና ዘይት ይቀባቸዋል። ሁለቱንም ለመፍታት የፈጀባት ጊዜ ጫማ ከማሰር አይበልጥም። ላሜራዋን መዳፏ ላይ ይዛ ጠበቀች፤ ከብስኩት የማትበልጥ ቁራጭ ናት። መንዳት ብታውቅ ኖሮ አትጠብቀውም ነበር፤ ላንስ አላስተማራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ላንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ፤ ቅንድቡ ላይ በረዶ ጋግሯል። «ቤቱ ዝግ ነው» አለ። ከዚያ የማርሹን ራስ አየ።

«ተፈታ» አለች ሄስተር። «ግባና ወደ ኋላ በላት።»

ላንስ ገባ። እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ፤ እሷም ኪሱ ከትቶ የሚነዳ መስሏት ላሜራዋንና ካቻቪቴውን ሰጠችው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ መልሶ አሰራቸው።

ሄስተር የተቀደደ ጓንቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ከሰል ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው በእኔ ሥር አለ» አለ ላንስ ቀና ሳይል። «በእኔ ሥር የነበሩት ጆስና ቢል የሞቱት አንድ ሰው የከሰል ጋሪውን ፍሬን ብሎን ለአንዴ ብቻ ብሎ ስለፈታ ነው። አስከሬናቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ወርጄ ልጆቹን ‹ብሎን አትንኩ› የምለው በየትኛው አፌ ነው?»

«እዚህ ማን ያይሃል?»

«እኔ አያለሁ።»

የጆስን ሚስት ይዛ ያለቀሰችው ሄስተር ነበረች፤ ስለዚህ የሚለው ሁሉ እውነት መሆኑን ታውቃለች። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገባት። ውሸታም ቢሆን ትሰድበው ነበር። ይልቅስ ወርዳ በእግሯ ጀመረች፤ ስድስት ማይል ቀርቷል። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች ነፋስ መንገዱ ላይ የከመረው በረዶ ወገቧ ደረሰና ተመለሰች። አጠገቡ ተቀመጠች። እናቷ ከሌሊት ጀምሮ ስሟን እየጠራች ነው፤ እሷ እዚህ የመኪና መስታወት በጉም ሲሸፈን ታያለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በአካፋ መንገዱን እየጠረጉ አራት የመንገድ ሠራተኞች ከላይ ወረዱ። መኪናዋን ዞረው አይተው ተሳሳቁ። ከዚያ በአራት ማዕዘኗ ገብተው እንደ ሣጥን አንሥተው መንገዱ ላይ አስቀመጧት።

«አባቴ፣ ላሜራዋን ነቅለህ አትወጣም ነበር?» አለው አንዱ። «ሁሉም ይነቅላት የለ እንዴ።»

«ቀላል ናት አይደል?» አለ ላንስ የመኪናዋን ጎን መታ መታ እያደረገ። «ሌላ መኪና ቢሆን አታነሡትም ነበር።»

ብላክሎ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ገና ብርሃን ነው። በሮውሊ መስኮቶች ላይ መጋረጃው ወርዷል። የጎረቤቶቹም ሁሉ፣ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ በቀን ወርዷል፤ በእኛ ዘንድ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት እንዲህ ይደረጋል። ሄስተር ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። በሩ ድረስ እንዴት እንደሄደች አታስታውስም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የሮውሊ ሚስት ማቪስና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ሮውሊ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፈልጋቸው ሊወጣ ሲል እናቱ እጁን አልለቅም ብላው እስከ መጨረሻው አጠገቧ ቆይቷል።

«ካረፈች አርባ አምስት ደቂቃ አይሆናትም» አለች ማቪስ። «እስከዚያ ድረስ አእምሮዋ ልክ ነበር። ‹ሄስተር የታለች?› አለችኝ። ‹ከላንስ ጋር እየመጣች ነው› አልኳት። ‹በዚያችው?› አለች። ‹በዚያችው› አልኳት።»

«እሺ?» አለች ሄስተር።

«‹እንግዲያው አትደርስም› አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።» ማቪስ ሻይ መቅዳት ጀመረች። «ከዚያ በኋላ አልጠራችሽም።»

ሄስተር ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ያዘች። ላንስ እሳቱ አጠገብ ቆሞ እጁን ያሞቃል። ወንድ ልጅ ሰው ቤት ገብቶ ዝም ሲባል አንድ ነገር ማለት ያለበት ይመስለዋል። ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ «መንገዱ መቼም ጉድ ነው» አለ። «አውቶቡሱ እንኳ ዛሬ አልወጣም። የእኛዋ ግን፣ እንደምንም ብላም ቢሆን፣ አድርሳናለች።»

«ማን ጋ?» አለች ሄስተር።

ሁለቱ ጎረቤቶች ቀና አሉ። ላንስ እጁን ከእሳቱ መለሰ። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል መልሱን ጠበቀች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ፊት ጠይቃው አታውቅምና አሁን የምትቸኩልበት ነገር አልነበራትም።