አልኮሉን ማን ጠጣው?

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አልፈርምም አለች። ዳይሬክተሩ ትናንት በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሌባ ብሏት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዐይኑን በጨው አጥቦ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቃት። ከሳይንስ ክፍል ግማሽ ጠርሙስ አልኮል ጎድሏል፤ የክፍሉ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። "ወስጃለሁ" ብላ ከፈረመች ይቅርታ ይደረግላታል፤ ካልፈረመች ትባረራለች።

ሞኝህን ፈልግ! ያልሰረቀ ሰው የምን ይቅርታ ነው የሚቀበለው? የጎደለውን ጠርሙስ ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ባልዲዋን ከበሩ ሥር ብድግ አድርጋ ወደ አራተኛ ክፍል ገባች። ዳይሬክተሩም እየተቆጣ ተከተላት።

እርጥብ ጨርቋን ሰሌዳው ላይ አንዴ አሳረፈችበት።

"ልጆች፣ እስቲ ይህችን እርጥበት እዩልኝ።"

አርባ ልጅ አፈጠጠ። እርጥበቱ ከዳር ከዳር እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

"ማን ጠጣው?"

"ማንም አልጠጣውም እትዬ" አለች ከፊት የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ። "ተኖ አየር ውስጥ ገባ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ። በጣም ስለሚደቅ አይታይም እንጂ አለ። የታጠበ ልብስ የሚደርቀው በዚህ ነው። ላብ ሲተን ገላችሁን ያቀዘቅዘዋል። የሚዘንበው ዝናብም ተኖ የወጣው ውሃ ነው።" ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሪደር ስትወለውል በበር የሰማችው ትምህርት ነው፤ የት ይቀርባታል?

ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። "እጅዎን፣ ጌታው።"

ልጆቹ ፊት እምቢ ማለት አፍሮ ዘረጋ። የእጁን ጀርባ አልኮል ቀባችው።

"ይቀዘቅዛል" አለ ሳያስበው። ልጆቹ እየሳቁ ቆጠሩ። ሠላሳ ሳይደርሱ እጁ ደረቀ።

"ይህንንስ ማን ጠጣው?"

"ተነነ" አሉ ሁሉም።

"ከውሃም ይፈጥናል።" ጠርሙሱን ከፍ አደረገች። አፉ ላይ የተወተፈው ቁራጭ ጋዜጣ ነው። "ከወራት በፊት፣ ክዳኑ የተሰበረ ዕለት ነግሬዎት ነበር። 'ወረቀት ወትፊበት' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "በቃ ተይው፣ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።"

"መቅደድ አይበቃም። ሌባ ያሉኝ ሠራተኛው ፊት ነው፤ አልሰረቀችም የሚሉትም እዚያው ነው።"

"መቼ?" አለች ጥርሰ ወላቃዋ።

ዳይሬክተሩ ልጅቷን አየ፤ የቀሩትንም አየ። ሁሉም መልሱን ይጠብቃሉ።

"ዛሬ ከሰዓት" አለ።

ሴትዮዋ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ከእግሩ ሥር ጀምራም መወልወል ያዘች።

"እግርዎን ያንሱልኝ" አለችው። "እስኪደርቅም እንዳይረግጡት።"