የሾፌሩ ወንበር

እዚህ የመጠጥ ሱስ ማገገሚያ ቤት «መጋዝ» ይሉኛል፤ ምላሴን አይተው ነው። ሙያዬ ፀጉር ሥራ ነበር፤ መጠጥ ከሙያዬም ከቤቴም ነቅሎ እዚህ አመጣኝ። ሐኪም አለን፤ ግን የሚያክመን እሱ ብቻ አይደለም፣ እርስ በርሳችን ነን። ምግቡን በተራ እንሠራለን። ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተን እንቀመጥና ያስቀየመንን ሰው ፊት ለፊት እንናገራለን። ሐሜት ክልክል ነው። ወይ ጉድ! ለእኔ መጠጥ ከመተው በላይ የከበደኝ ይሄ ነው።

ትናንት የምሳ ተረኛው በቅርቡ ለመታከም የገባው ሾፌር ነበር፤ የአባቴ እኩያ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ድንች ልግዛ ብሎ ወጥቶ ቀረ። አመሻሹ ላይ እየተንገዳገደ ገባ።

ዛሬ ጠዋት ክቡ መሀል ቆሞ፣ «ጠጥቻለሁ። አላስቸግራችሁም፣ ራሴው እሄዳለሁ» አለና ወንበሩን አንስቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አዲስ ስለሆነ ወጉን አያውቅም። እዚህ ወንበር መነሳት ከቤቱ መሰናበት ነው፤ የሚነሳውም ሁላችንም ተናግረን ስንጨርስ ብቻ ነው፤ ሐኪሙም ሆነ የወንበሩ ባለቤት ብቻውን አያነሳውም።

«አይዞህ ጋሼ፣ ምንም አይደል» አሉት ሌሎቹ ከኋላው። ደሜ ፈላ።

«እንዴት ምንም አይደል ትላላችሁ?» ብዬ ተከተልኩትና የወንበሩን እግር ያዝኩ። እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ ስንጎትት ከመሀላችን አናጢ የነበረው ሰውዬ፣ «ኧረ ቀስ! አሁን ገና ነው የጠገንኩት!» ብሎ ጮኸ።

«ልቀቂኝ ልጄ፤ አሳፍሬያችኋለሁ» አለ ሾፌሩ።

«አዎ፣ አሳፍረኸናል! እሱን ተቀምጠህ ስማ። አባቴ እንዲሁ መጣሁ ብሎ ወጥቶ ነው የቀረው። ትናንት መኪና ገጭቶት ይሆን፣ ቦይ ውስጥ ወድቆ ይሆን እያልኩ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ለምሳው መሰለህ? ፈርቼ ነው እኮ! ተናድጄብሃለሁ፤ እንድትሄድ ግን አልፈልግም።»

ወንበሩን ለቀቀው። «ቤቴ ሳመሽ በር ይቆለፍብኛል እንጂ የሚጠብቀኝ አልነበረም» አለና አለቀሰ።

ወንበሩን ቦታው መለስኩት። ሁሉም በየተራው ተናገረ፤ ሐኪሙም፣ «ተቀይሜሃለሁ» አለው። በመጨረሻ ይቆይ ተባለ፤ የትናንት ተራውን ግን ዛሬ ይሠራል፣ ገበያም ብቻውን አይወጣም። «ማን ይሂድ አብሮት?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምላስ ያለው ሰው ሥራ አያጣም።

ድንች ሻጯ ያለችው መጠጥ ቤቱ አጠገብ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ሽታው መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ሾፌሩ ክንዴን ያዘና ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትንቀጠቀጪው?»

«አዎ ጋሼ» አልኩት። «እባክህ እንዳትለቀኝ።»