ድመቲቱ ያደረችበት

ሁሉም ተጠየቀ፤ ሸጊቱን ግን የጠየቃት የለም። የማኅበሩ ዘበኛ ተጠየቀ፣ ገንዘብ ያዡ ተጠየቀ፣ ከመንገድ ማዶ ቆሎ የምትሸጠው ሳትቀር ተጠየቀች። መኪናዋ የምታድረው ግን በሸጊቱ ግቢ፣ ከሸጊቱ ግድግዳ ሥር ነው። «አሮጊት ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» አሉ። ምን ታውቃለች! ዓይኗን እንደሆነ እነሱ አልሰጧት።

መኪናዋ የገበሬ ማኅበሩ አሮጌ ፒካፕ ናት፤ ሹፌሩ ደግሞ የሸጊቱ ልጅ አለኸኝ። ማታ እያጓራች በደኅና ትገባለች፤ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ትንፍሽ አትልም። ባትሪው ባዶ! ጎረቤት ተጠርቶ በግፊ ትነሣለች። አዲስ ባትሪ ቢገባላት እሱንም ባንድ ሌሊት ጨረሰችው። መካኒኩ ሀብተ ሚካኤል መብራቱን ፈታ፣ የጡሩንባውን ሽቦ ፈታ፤ ምንም አጣ።

በመጨረሻ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ቢራራ መለከት አስነፍቶ ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ሌሊት ባትሪውን የሚያራግፍ እጅ አለ። እስከ ማክሰኞ ካልታረመ አለኸኝ ታስሮ ጎንደር ይወርዳል።»

በዚያ ዘመን ጎንደር የወረደ ሁሉ አልተመለሰም። ሸጊቱ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

«ድመቴ ምድጃዋን ትታ ከመኪናዋ ሆድ ማደር ከጀመረች ሰነበተች። ምን አግኝታ እንደሆነ እዩልኝ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

«እማማ ሸጊቱ፣ ድመትዎ ባትሪ ትጠጣለች እንዴ?» አለ ቢራራ።

«የኔዋስ ወተት ነው የምትጠጣው። የሰው ደም የጠማህ አንተ ነህ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አለኸኝ ቀሚሷን ጎተተ። «እማዬ፣ በቃሽ፤ ታስጨርሺኛለሽ።»

«የሚያስጨርስህስ ዝምታህ ነው» አለችው።

በማግሥቱ ወፍ ሲንጫጫ የመካኒኩን በር በዱላዋ ደበደበች።

«ተነሥ! አንተ ሁልጊዜ የምታያት ተገፍታ፣ ተነሥታ፣ ሮጣ እጅህ ከገባች ወዲያ ነው። ያኔማ ሁለመናዋ ትኩስ ነው። ዛሬ ከመኝታዋ ሳትነሣ እያት።»

ሀብተ ሚካኤል ጋቢውን ተከናንቦ እያጉረመረመ ተከተላት። መስታወቱ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ኮፈኑን ሲከፍት ድመቲቱ ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ ላይ ተጠቅልላለች። ሸጊቱ አነሣቻትና፣ «እጅህን አኑርበት» አለችው።

አኖረ። ማጉረምረሙን ተወ። ሞተሩን ዳሰሰ፤ በረዶ ነው። ወደ ዲናሞው ተመለሰ።

«ይኸ እኮ ሙቅ ነው!»

«በደባርቅ ውርጭ ሌሊቱን የተገተረ ብረት በምን ሞቀ? የኔ ነገር እስከዚህ ነው፤ የቀረው ያንተ ነው።»

ሀብተ ሚካኤል ከዲናሞው የሚሄደውን ሽቦ ተከትሎ አንዲት ትንሽ ሣጥን ከፈተ። ሞተር ሲጠፋ ዲናሞውን ከባትሪው የምትለይ ምላስ ውስጧ አለች፤ ተቃጥላ ተጣብቃ ቀርታለች።

«ባትሪው ለካ ሌሊቱን ሙሉ ዲናሞ ሲያሞቅ ነው የሚያድረው» አለና ምላሷን አላቅቆ ፋቃት።

ማክሰኞ ጠዋት ቢራራ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። አለኸኝ መሪው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከታጣቂዎቹ አልነቀለም። ሸጊቱ ግን አልፈራችም፤ ከቤት ስትወጣ ድመቲቱን ምድጃ ሥር አመድ ላይ ተኝታ አይታታለች።

«አዙረው» አለችው ልጇን።

ቁልፉ ዞረ። መኪናዋ አጓራች። ታጣቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሰየው። እንግዲህ ነገሩ በዚሁ ይዘጋ፤ ልጅዎ ወደ ሥራው ይሂድ።» ወደ መውጫው ዞረ።

ሸጊቱ በሩ ላይ ዱላዋን አጋድማ ቆመች።

«ወዴት ነው? ጓድ ብዬ አልጠራህም፤ እናትህ ባወጣችልህ ስም እጠራሃለሁ። ስማ ቢራራ፤ ልጄን አሻጥረኛ ያልኸው ጓዳ ገብተህ አይደለም፤ መለከት አስነፍተህ፣ አገር ሰብስበህ ነው። አሁንም መለከትህን አስነፋ። ያው ሕዝብ ይሰብሰብ፤ በዚያው አፍህ ‹አለኸኝ ንጹሕ ነው› በል። እስክትል ድረስ እኔም ከዚህ በር አልነቃነቅም፤ መኪናህም አትወጣም!»