በሶው በምን ታሸ?

«ይሄን በሶ ማን ነው ያሸው?» አለች ሲስተር ሙፊዳ፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

የታማሚው እናት ቡዜ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሚስትየው ጤናዬ አንገቷን ደፋች። ታላቅ ወንድሙ ሁንዴሳ፣ የለቡ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ስብሰባ ሊከፍት ይመስል ጉሮሮውን ጠረገ። ታማሚው ዲንሳ በሆስፒታሉ ፒጃማ ተቀምጦ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ሲስተሯ ቤተሰቡን በየሐሙሱ ትሰበስባለች። «የጠጣው አንድ ሰው ቢሆንም የሚታከመው ቤቱ በሙሉ ነው» ትላለች። ቡዜ መጀመሪያ ቀን ይህን ስትሰማ ስቃ ነበር፤ እሷን ምን አሟት ነው የምትታከመው? ዛሬ ግን ሳቋ የት እንደገባ እንጃ።

«ሦስት ሳምንት ሳይቀምስ ከርሞ ትናንት አፉ አረቄ ሸተተን» አለች ሲስተሯ። «በሶው የታሸው በአረቄ ነው። አንዴ ከተደገመ ከዚህ ይወጣል። የሚሠራበት ፋብሪካ ደግሞ ሕክምናውን ካልጨረሰ ሥራው ላይ አልመልሰውም ብሎ ጽፏል።»

ሁንዴሳ ወደ ጤናዬ ዞረ። «ምግብ የምታመላልሺው አንቺ ነሽ። ባልሽን ልትገድዪው ነው?»

«እኔ የተሰጠኝን ነው ያመጣሁት» አለች ጤናዬ ቀስ ብላ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አማቷን በሰው ፊት ከማዋረድ ስድቡን መሸከም መረጠች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የቡዜን ሆድ ግን ያወጣው የምራቷ ዝምታ ነው። እሑድ ልትጠይቀው መጥታ የዲንሳ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሻዩ ደረቱ ላይ ሲፈስ አይታለች። አረቄ እያወጣች ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ለጉንፋኑም ለሆድ ቁርጠቱም የምትሰጠው ያንኑ ነበር። የበሩ ዘበኛ ጠርሙስ ይፈትሻል እንጂ በሶ አይፈትሽም። ያን ጊዜ ብልጠት መስሏት ነበር፤ አሁን አፈረች።

«ልጅቷን ተዋት» አለች። «ያሸሁት እኔ ነኝ። አንጀቴ አልችል ብሎኝ ነው።»

ዲንሳ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። «እማ፣ ገና ስጎርሰው አውቄዋለሁ። ዝም ብዬ በላሁት።»

«መንቀጥቀጡ እየተወው ነበር እኮ እማማ ቡዜ» አለች ሲስተር ሙፊዳ።

ቡዜ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲያው አረቄ ከቤቴ ወጣ።»

«በምን ልትኖሪ?» አለ ሁንዴሳ።

«ገብሱ ያው ገብስ ነው። ቆሎ ቆልቼ እሸጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጤናዬ ምግቡን ከቡዜ ቤት ልትወስድ ስትመጣ የአረቄው ጋን ጓሮ ተደፍቶ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። ቡዜ በሶ እያሸች ነበር። ቆንጥራ ወደ ምራቷ አፍ ዘረጋች።

«ቅመሺው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሳትቀምሺው ከዚህ ቤት ምንም አይሄድለትም።»

«ኧረ እማዬ፣ እኔ አምንዎታለሁ።»

«እኔ ራሴን አላምንም። ጉረሺ።»

ጤናዬ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ቡዜ ጨው ልታመጣ ተነሳች።