ሁለተኛው ብሎን

ሁለተኛው ብሎን ሲሰበር ድምፅ አላሰማም። ጋሽ ተክለሃይማኖት ቁልፉን ወደ ራሳቸው ሲስቡ ክንዳቸው ድንገት ባዶ ሄደ፤ ሚዛናቸውን ስተው ጠረጴዛውን ያዙ። የብሎኑ ራስ ከነቁልፉ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የመጨረሻው ስለነበር የጭስ ማውጫውን ብረት አንሥተው ወደ ጎን አደረጉትና ከሥሩ ያለውን አዩ። ጠዋት የተሰበረውም አሁን የተሰበረውም ግማሻቸው በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው ውስጥ ቀርቷል። ከአሉሚኒየሙ ጋር እኩል ተቆርጠዋል፤ በፒንሳ የሚያዝ ጫፍ አልተረፋቸውም።

መብራት ይዞ የቆመው ፍትዊ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

"ይኼም ሄደ፣ ጋሼ?"

"ሄደ።"

"ያው እንደ ጠዋቱ?"

"ዝገት ነው። የሃያ ዓመት መኪና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?"

ፍትዊ አመናቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ጋራዥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በስደት ካርቱም አራት ዓመት መፍቻ ይዘዋል። አውስትራሊያ፣ ሜልበርን መጥተውም ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ሜድስቶን ባለው ቤታቸው ጓሮ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው መኪና ግማሹን ያደሱት እሳቸው ናቸው። የፍትዊ መኪና ከወር በፊት ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌይ ላይ ውሃ ጨርሳ ስትፈላ መጀመሪያ የደወለው ለእሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከብሬብሩክ እስከሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በሁለት ባስ ይሄዳል፤ የጠዋት ሽፍት ሲኖረው ሌሊት ዐሥር ሰዓት ይነሣል። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰውና የሦስት ልጆች አባት ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ "መቼ ያልቃል?" ብሎ አልጠየቃቸውም።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ያልነገሩት ነገር ነበር። የስኳር በሽታቸው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጣቶቻቸው ላይ ደርሷል። የቀኝ እጃቸው ጫፍ ጓንት ያጠለቀ ያህል ሆኗል። የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉት እያዩ ነው። ባለፈው ሳምንት የጋለ የድስት ክዳን አንሥተው ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም ከእጃቸው እስኪነጥቋቸው ድረስ አላወቁም ነበር። "መኪና ለሚሰጡህ ሰዎች ንገራቸው" ብለዋቸዋል እትዬ አስካለማርያም። እሳቸው ግን "ሞተር የሚሠራው በጭንቅላት ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት።

እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ዝገት የያዘው ብሎን ከመሰበሩ በፊት ይለሰልሳል። ጥንካሬው ይጠፋና እንደ ላስቲክ ይሳባል። ያቺን ቅጽበት የሚያውቅ እጅ ወዲያው ይተዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ያሞቃል፣ ዘይት ያጠጣል፣ ደግሞ ይሞክራል። ዛሬ ያቺ ቅጽበት መጥታ ሄዳለች፤ እሳቸው ጋ አልደረሰችም። የፍትዊን መኪና ሲረከቡ ደግሞ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር፤ ይቺን በደህና ገጥሜ ካስነሣሁ እቀጥላለሁ፣ ካልሆነ መፍቻዎቹን ለሰው ሰጥቼ ጋራዡን እዘጋለሁ ብለው። "ዝገት ነው" ሲሉ ፍትዊን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ለማሳመን ነበር።

መሰርሰሪያውን አነሡ፤ ጥቂት ይዘውት ቆዩና መልሰው አስቀመጡት።

"ሥራ ቦታ ቶላኒ የሚባል ልጅ አለ" አለ ፍትዊ። "እህቱ ዳንደኖንግ ቴስታታ የሚታደስበት ቤት ትሠራለች። የተሰበረ ብሎን ከሷ አያመልጥም ይላል።"

"ሴት ናት?"

"እህቱ ነች አልኩዎት እኮ።"

"ጥሩ። ወንዶቹ እየቸኮሉ ነው የሚሰብሩት" አሉ፤ ወዲያው የተናገሩት ነገር ራሳቸውን ቅር አሰኛቸው።

በማግስቱ ቴስታታውን ከሞተሩ ላይ አውርደው በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በጋሽ ተክለሃይማኖት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት። የሚነዳው ፍትዊ ነበር።

"ቀበቶ እሰርለት" አሉት።

"ለማን?"

"ለቴስታታው። ካንተ ይልቅ እሱ ነው ውዱ።"

"እውነትዎን ነው። እኔንማ ሁለት ባስ ይተካኛል።"

ዌስት ጌት ድልድይን ሲሻገሩ ካፊያ ጀመረ። ከተማውን አልፈው ወደ ዳንደኖንግ ሲቃረቡ ፍትዊ ኪሱን መታ መታ አድርጎ፣ "የወደቁትን የብሎን ራሶች ይዣቸዋለሁ፤ ልካቸውን ብታይ ብዬ" አለ።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የተሰበረ ብሎን ሲያይ ልኩን ብቻ እንደማያይ ያውቃሉ።

የቶላኒ እህት ሲፋን አርባ ዓመት ሊሞላት የደረሰ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ናት። አማርኛን የተማረችው ነቀምት ትምህርት ቤት ነው፤ ቃሉን እየመረጠች በዝግታ ትናገራለች። እጇ በዘይት ስለጠቆረ ለሽማግሌው የክንዷን አንጓ ዘረጋችላቸው፤ እሳቸውም አንጓዋን ጨበጡ። ወንበር በጨርቅ ወልውላ አስቀመጠቻቸውና ፍትዊ የሰጣትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

አንደኛውን የብሎን ራስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ቆየች።

"ማነው የፈታቸው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

ሲፋን ቀና ብላ አየቻቸው። በቀኝ አውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ እያሻሹ ነበር፤ ይህን እንደሚያደርጉ ራሳቸውም አያውቁትም። ዐይኗን ከእጃቸው አነሣች።

"ሁለቱም የቆየ ስንጥቅ ነበራቸው" አለች። "ማንም ቢነካቸው ይሰበሩ ነበር።" ቁራጮቹንም ከጠረጴዛው ሥር ባለው የቁርጥራጭ ባልዲ ውስጥ ጣለቻቸው።

"ጋሼም እንደሱ ነው ያሉኝ" አለ ፍትዊ፣ በኩራት።

ሲፋን ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያው ስባሪ ላይ ቀዳዳማ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ በሮንዴላው ላይ የብሎን ማሰሪያ ዳዶ አስቀመጠችና ጭምብሏን አወረደች። ሁለቱ ወንዶች ፊታቸውን አዞሩ፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ብልጭ አለ። ዳዶው ከስባሪው ጋር ከተበየደ በኋላ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቀችና ሻማ አስነካችው። ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሃል ወረደ። ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ትንሽ ወደፊት። ስባሪው ቀጭን ጭስ እያወጣ ተፈትቶ መጣ።

ሁለተኛውንም በየደችው። ጭምብሏን ገልብጣ ቁልፉን በሁለት እጇ ለጋሽ ተክለሃይማኖት ዘረጋች።

"ይቺን እርስዎ ያውጧት፣ ጋሼ።"

ልታከብራቸው እንደሆነ ገባቸው። ተነሥተው ተቀበሏትና ቁልፉን ዳዶው ላይ ሰኩት። ፍትዊ ቪዲዮ ሊያነሣ ስልኩን አወጣ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ቁልፉን ጨበጡ። ክብደቱ ክንዳቸው ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ፣ ከመዳፋቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ፣ ምንም የለም። ይህ እጅ ነው ቅዳሜ ቴስታታውን ሞተሩ ላይ መልሶ ዐሥሩን ትልልቅ ብሎኖች የሚያጠብቀው። ፍትዊ ደግሞ ሁሉም ነገር የዝገት ጥፋት መሆኑን አምኖ፣ ልጆቹን ጭኖ ፍሪዌይ ይወጣል።

ቁልፉን አወለቁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሲፋን፣ ያንን ባልዲ አቀብይኝ።"

"የቱን?"

"ብሎኖቹን የጣልሽበትን።"

"ቁርጥራጭ ብቻ ነው እኮ፣ ጋሼ። እጅዎን ይቆርጥዎታል።"

"ግድ የለም፣ አቀብይኝ።"

ሽማግሌን ሁለቴ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ባልዲውን አምጥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። ጋሽ ተክለሃይማኖት መነጽራቸውን አድርገው በዐይናቸው እየፈለጉ ጊዜ ወሰዱ። አንዱን አነሡ፤ ሌላ ነበርና ጣሉት። በመጨረሻ ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

"ፍትዊ፣ ና እይ። ይኼ የትናንት ጠዋቱ ነው። የተሰበረበት ፊቱ ይኼን ያህሉ ጥቁር ነው። ድሮ ተሰንጥቆ ውስጡ ዝጓል፤ ይዞት የቆየው ይኼ የሚያበራው ጠርዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሲፋን እውነቷን ነው።"

"ያኛውስ?"

"ያኛው ፊቱ ሁሉ ያበራል። አንገቱን ተመልከት፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። ደህና ብሎን ነበር። የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

ሲፋን ጓንቷን አወለቀች። "ብሎን የማይሰብር የለም፣ ጋሼ። እኔ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰብሬያለሁ።"

"አንቺ ስትሰብሪ ይታወቅሻል። እኔ አልታወቀኝም።" ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋቸው፤ የድስቱ ክዳን ያቃጠለው ቦታ ገና አልሻረም። "ጣቶቼ አይሰሙም። ዓመት ሆናቸው።"

ፍትዊ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ሞተርህን ታስነካኝ ነበር?"

ፍትዊ ሁለቱን ቁራጮች ደግሞ አየ።

"እንጃ" አለ። "አላውቅም።"

ጋሽ ተክለሃይማኖት ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዴታ" ቢላቸው ኖሮ እንዲህ አያሳርፋቸውም ነበር።

"ዐሥሩን ብሎኖች እኔ ላጠብቃቸው አልችልም" አሉ። "ቤት ደርሰን እቃዎቹን በካርቶን አደርግልሃለሁ። ሌላ መካኒክ ፈልግ። አሁን ይቺን ሲፋን ታውጣልህ።"

ሲፋን ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ፍትዊን ታየው ነበር። ፍትዊ እጅጌውን ሰበሰበና ቁልፉን አነሣ።

"አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?"

"የኔ ጣቶች ይሰማሉ። ምን እንደሚሰሙ ነው የማላውቀው። እሱን እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ታበላሸዋለህ።"

"እርስዎ እያሉ?"

ጋሽ ተክለሃይማኖት ሲፋንን አዩ። ትከሻዋን ነቀነቀች። "ከተሰበረ መልሼ እበይደዋለሁ" አለች።

"እሺ" አሉ፤ ቀርበው ከጎኑ ቆሙ። "ክርንህን ወደ ጎንህ አስጠጋ። መኪና አይደለም የምትገፋው። ሳብ፣ በቀስታ። ምን ይላል?"

"እንደ ድንጋይ ነው።"

"ጨምር። አሁንስ?"

"አሁን ለስለስ አለ። እየመጣልኝ ነው መሰለኝ።"

"አልመጣም፣ ሊሰበር ነው። ተው። መልስ ወደ ኋላ።"

ፍትዊ እጁን እንደ ተኮሰው ሰው ለቀቀ። ሲፋን ስባሪውን እሳት አሳየችው፤ ሻማውን ደግማ አስነካችው።

"እንደገና። የቅድሙ ልስላሴ ሲመጣ ንገረኝ፤ አታልፈው።"

"መጣ።"

"መልስ። ጎበዝ። እንደገና።"

ሦስት ጊዜ አሞቁት፤ ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደተመለሰ አልቆጠሩም። ፍትዊ አላበው። "ይኼ ሌላ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አይለሰልስም። ይንቋቋል፣ እየተንቋቋ ይሄዳል።"

"መሄዱ ነው። አትቸኩል፤ በዚያው ቀጥል።"

ስባሪው ወጣ። ፍትዊ በሁለት ጣቱ ሊይዘው ሲል አቃጠለውና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"እኔ ብሆን አምስት ደቂቃ ነበር" አለች ሲፋን።

"ቶላኒ ምላሷ መርዝ ነው ብሎኝ ነበር" አለ ፍትዊ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ።

ሲፋን ሳቀች። ከመደርደሪያው ረጅም የቶርክ ቁልፍ አውርዳ ሰጠችው። "የማጥበቂያው ልክ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በላይ እንዳትስብ። ጋሼ ይነግሩሃል። ሰኞ ለቶላኒ ስጥልኝ፣ ያመጣልኛል።"

ቴስታታውን ጠቅልለው ወደ መኪናው መለሱት። ካፊያው ቆሞ ነበር። ጋሽ ተክለሃይማኖት ጎን ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍትዊ ከዳንደኖንግ ወጥቶ ፍሪዌይ ገባ።

"ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣ፣ ጋሼ?" አለ ከዚያ።

"ሽፍት የለህም?"

"ከሰዓት በኋላ ነው የምገባው።"

ሽማግሌው መሪው ላይ ያሉትን የፍትዊን እጆች ሲመለከቱ ቆዩ።

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ና" አሉ። "ጥፍርህን ቁረጥ፤ ያንን ቀለበትም ቤት ተወው። ቁርስህንም በልተህ ና። ዐሥሩንም በተራ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የምትዞራቸው፣ መሃል ላይ ራበኝ ማለት የለም።"