ወይዘሮ እንቁ ያስጨመሩት መስመር

ወይዘሮ እንቁ ከየካ አባዶ ተነስተው ችሎት እስኪደርሱ ቦርሳቸውን ሦስት ጊዜ ከፍተው አይተዋል። የልጅ ልጃቸው እዝራ እስር ቤት ሆኖ በእጁ የጻፈው የይግባኝ ወረቀት እዚያው አለ። እዝራ መገናኛ ሞባይል ጠጋኝ ነበር፤ የተሰረቀ ስልክ እጁ ላይ ተገኝቶ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ጠበቃ ስለሌለው ይግባኙን ራሱ ጻፈ። «ስልኩን የተቀበልኩት ለጥገና ነው፤ የተሰረቀ መሆኑን አላውቅም ነበር» ይላል። የአያቱ ሥራ ማስተየብ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ፣ መገናኛ ማመልከቻ ለሚጽፈው ለቢተው ወረቀቱን ሲሰጡት ግን ፈሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከረር አላለም? ዳኞቹ ደፋር ነው ይሉብኛል።»

«ይግባኝ ነው እኮ እናቴ፣ ልመና አይደለም። አላጠፋሁም ነው የሚለው።»

«ቢሆንም ለስለስ አድርገው። መጨረሻው ላይ፣ ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ በልልኝ።»

«እሱ እንዲህ ብሏል?»

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ቢተው መስመሯን ጨምሮ ተየበው።

ሊያስፈርሙት የሄዱ ዕለት የጥየቃው ሰዓት አልቆ ጠባቂው ያጣድፍ ነበር። «እንደጻፍኩት ነው አይደል፣ እማማ?» አላቸው እዝራ። «እንደጻፍከው ነው» አሉት። ስምንተኛ ክፍል የደረሱ፣ ወደ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሳቸው የሚነበብ ሴት ናቸው። አምኗቸው ሳያነብ ፈረመ።

ዛሬ ችሎቱ ላይ ዳኛዋ ያችኑ መስመር ጮክ ብለው አነበቧት።

«ይግባኝ ባይ፣ ከላይ አላጠፋሁም ትላለህ፤ ከታች ደግሞ ጥፋቴን አምኛለሁ። ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

እዝራ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ ዞሮ አያቱን ፈለገ። ወይዘሮ እንቁ በእጁ የጻፈውን ይዘው ብድግ ብለው ነበር።

«እናት፣ እዚህ የሚናገረው ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ ይቀመጡ» አላቸው በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ።

ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አለ እዝራ። «ፊርማውም የእኔ ነው።» እሳቸው ላይ ነገር እንዳይመጣ ብሎ እንደሆነ ገባቸው።

«እንግዲያው ጥፋቱን አምነሃል። የሚቀረን ቅጣቱ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው ነው» አሉ ዳኛዋ፤ ቀጠሮም ሰጡ።

እጁን በካቴና ታስሮ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ «ለምን፣ እማማ?» ይለኛል ብለው ጠበቁ።

«መገናኛ የታክሲ ሰልፉ ላይ ብዙ እንዳትቆሚ» አላቸው። «ጉልበትሽን ያምሻል።»

መገናኛ ደርሰው ቆሙ። የአባዶው ሰልፍ ረጅም ነበር። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ፖሊሱ ይቀመጡ ያላቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ሁለተኛ ሊነሱ ይችሉ ነበር።