የሳጥኑ ዋስ

ናም ዳሶም ከሥራ ልትለቅ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ የአሳማ ሥጋ ተጠብሶላታል። ሁለት ጊዜ ሶጁ የሚሉት አረቄ ተቀድቶ፣ ሁለት ጊዜ አለቃዋ ፕዮ ብርጭቆውን ይዞ ተነሥቶ «እንዲህ ያለች ሠራተኛ ከእንግዲህ አናገኝም» ብሏል። ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ጠረጴዛዋ ላይ ተገኝታለች። የምትሠራበት ሆስፒታል ጥበቃ ሳይቀር «ቀጣዩን ሽኝት መቼ ነው የምንበላው?» ይላታል። እሷም አብራው ትስቃለች፤ ቤቷ ገብታ ግን ታለቅሳለች።

ባሏ ሆስፒታሉ ካለበት ከጂንጁ ከተማ ወደ ጄጁ ደሴት ሲዛወር ልጃቸውን ይዞ ነው የሄደው፤ እናትየዋ በወሩ ትከተላለች ተብሎ። ወሩ ዓመት ሊሆነው ነው። በቀደም ልጅቷ ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ «እናቴ የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው» ብላ ነገረቻት። ባሏ ይህን ሊነግራት እየሳቀ ጀምሮ መጨረስ አቃተው።

ዳሶምን አላላውስ ያላት አንድ ሳጥን ነው። የሕሙማኑን ታሪክ በየቀኑ እየቀዳ የሚያስቀምጥ የመጠባበቂያ ሰርቨር፤ ከማቀዝቀዣ የማይበልጥ። ሰው ሊገባበት ሲል ሳጥኑ በራሱ ማንንም አያውቅም፤ የሆስፒታሉን የኮምፒውተር የሠራተኞች መዝገብ «ይህ ሰው የእናንተ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ ደግሞ ለማያውቀው ጠያቂ አይመልስም። ስለዚህ ሳጥኑ መዝገቡ ፊት የሚቀርበው በአንድ ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ ዋስ ጠርቶ እንደማለት። ሳጥኑ ሲተከል ቁጥጥር ሊመጣ ነው ተብሎ የኮምፒውተር ክፍሉ ቢሮ ተተራምሶ ነበር። ፕዮ «በስምሽ አድርጊውና እንገላገል» አላት። አደረገች። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡና ነገሩን አጠበቁት። መዝገቡን ሳይጠይቅ የሚያስገባው የሳጥኑ የጋራ መግቢያ ይዘጋ አሉ። መዝገቡ ላይም ለማሽን ተብሎ የተፈጠረ፣ ባለቤት የሌለው ስም አይኑር፤ በሕይወት ያለ፣ የሠራተኛ ቁጥር ያለው ሰው ብቻ። ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍል በዚያው ቀን ስሙን ይዘጋል። የዳሶም ስም ሲዘጋ ሳጥኑ ዋሱን አጣና ማንንም አላስገባ አለ። የጠፋ የሕመምተኛ ታሪክ የሚመልስ ሰው ታጣ፤ ስሟን መልሰው ከፈቱ፤ እሷም ተመለሰች። ሁለቱንም ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

የሌላ ሰው ስም መተካት የአፍታ ሥራ ነበር። የሚተካ ሰው ግን የት ተገኝቶ። በዚያ ቢሮ ስምህ ያረፈበት ነገር ያንተ ነው፤ ሲበላሽ የምትጠራውም፣ ጎንበስ ብለህ ይቅርታ የምትጠይቀውም፣ ልሂድ ስትል የምትያዘውም አንተ ነህ። ብልህ በሰው ይማራል እንዲሉ፣ ሁሉም በዳሶም ተምሯል።

ለሦስተኛ ጊዜ የለቀቀች ዕለት ጠዋት ፕዮ በወረቀት ኩባያ ቡና ይዞላት መጣ። ቡና ይዞ ሲመጣ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም።

«ናም ዴሪ» አላት፣ በቢሮው ወግ በቤተሰብ ስሟና በማዕረጓ ጠርቶ፤ «እስከ አዲስ ዓመት ብቻ ታገሺኝ።»

«አለቃ፣ ያኔ እስከ ቹሶክ በዓል ብቻ ነበር ያሉኝ።»

«ያኔ ሌላ፣ አሁን ሌላ።»

«የእርስዎን ስም እናስገባው።»

«የኔን? እኔ እኮ በጸደይ ጡረታ ልወጣ ነው። ለጥቂት ወር ብለን ሳጥኑን እናዋክበው?»

«ሳጥኑ ቅር አይለውም።»

ፕዮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እዚህ ወንበር ላይ የምታረጅ መሰላት።

ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ገባችና የዋሱ ስም የሚቀየርበትን ገጽ ከፈተች። የራሷን የይለፍ ቃል መዝገቡ ላይ ቀየረች። ስልኩን አነሣች።

«ሰው ኃይል ነው? ናም ዳሶም ነኝ። ስሜን አሁኑኑ ዝጉልኝ።»

«ማታ አልነበር እንዴ የሚዘጋው?»

«አሁን። ወረቀቱ ተፈርሞ እጃችሁ ላይ ነው።»

ዘጉት። ዳሶም ወደ አለቃዋ ዞረች። «ስሜ ተዘግቷል። ይህ ገጽ ቀድሞ ስለተከፈተ ነው እስካሁን ያለው፤ ካልተነካ ራሱ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ማንም አይገባም።»

«አስከፍተዋለሁ። እንዳለፈው።»

«ቢከፍቱትም አይረዳዎትም። ሳጥኑ የሚያውቀው የድሮውን የይለፍ ቃሌን ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን አሁን ቀይሬዋለሁ፤ የድሮውን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

የፕዮ ፊት አመድ መሰለ። ዓይኑ ክፍሉን ዞረና አጠገባቸው በተቀመጠው ታክ ላይ አረፈ። ታክ ጎልማሳ ነው፤ ሱቁ ከስሮበት በኮንትራት የተቀጠረ፣ ኮንትራቱም ሊያልቅ የተቃረበ።

«ታክ» አለ ፕዮ፣ ድምፁ ማር ሆኖ፤ «ቋሚ የመሆንህን ነገር ሰሞኑን ሳስብበት ነበር።»

ታክ ወዲያው ተነሣ። አለቃ ሲጨነቅ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው፣ ቋሚነት ደግሞ እንጀራ ነው። እጁን ወደ ኪቦርዱ ሲሰድ ዳሶም በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይቅርብዎ፣ አቶ ታክ። ሚስትዎ ቡሳን አይደለች የምትኖረው? እኔም እንዲህ ነበር የጀመርኩት።»

ታክ አንዴ እሷን፣ አንዴ ፕዮን አየ። እስከ አንገቱ ድረስ ደም መሰለ። ከዚያ ለፕዮ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ፕዮ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዋሱ ቦታ በሁለት ጣቱ ስሙን ጻፈ። የይለፍ ቃሉን መጀመሪያ ተሳሳተ። ደገመው። ሳጥኑ መዝገቡን ጠየቀ፤ መዝገቡም አዎ፣ የእኛ ነው አለ። ዳሶም በሳጥኑ አስተዳዳሪነት የነበራትን ቦታም ለእሱ አስተላለፈች። ሳጥኑ ሰው ማስገባቱን ለማየት ታክ በራሱ ስም ሞከረ፤ ገባለት።

ዳሶም ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ፕዮ ግን ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ሳንቾንግ ገጠር ትንሽ የፍራፍሬ ማሳ ገዝቻለሁ» አለ። «በጸደይ ነበር የምገባው። እኔንስ ማን ያስወጣኛል?»

አልተቆጣም፤ የእውነት ነበር የጠየቃት። አዘነችለት፣ አንጀቷን በላው። ትንሽ ቆይታ ልታጽናናው ፈለገች። ግን «ትንሽ መቆየት» ምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።